ጭንቀትን ተቀብሎ መጋፈጥ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንዱ በቲክቶክ «ጭንቀትህን ተቀበለው፣ ወዲያው ይለቅሃል» ሲል ሰማሁ። በዛ ይሄ ነገር። እዚህ ደሴ ለጭንቀት ሕክምና እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ አሁን ይህንኑ ይዘው ነው የሚገቡት፤ «ተቀበልኩት፣ ግን አልሄደም!» ይሉኛል ተናደው።

እንዲለቅህ ብለህ ከሆነ የተቀበልከው፣ አልተቀበልከውም እኮ። እየተደራደርክ ነው።

እህቱን ሊጠይቅ ኮምቦልቻ መውረድ የሚፈራ ሰው እንውሰድ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ልቡ ይደልቃል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የሚሞት ይመስለዋል። ስለዚህ ሚኒባስ ሲገባ ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም፤ በአንድ እጁ ሎሚ፣ በሌላው ሃይላንድ ይዞ፣ ስልኩ ላይ የወንድሙን ቁጥር አውጥቶ። በሰላም ይደርሳል፤ ግን ያደረሰው ሎሚው ይመስለዋል። እኛ እነዚህን አንድ በአንድ እናስቀራለን። ኋላ ወንበር ይቀመጣል። ልቡ ሲመታ ይመታ ብሎ ይተወዋል፣ ሊያበርደው አይታገልም። ሲመለስም «ፍርሃቱ ስንት ቀነሰ?» አልለውም። «ከፍርሃቱ ጋር ለመሄድ ምን ያህል ፈቃደኛ ነበርክ? እህትህ ጋስ ደረስክ?» ነው የምለው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሐኪሙ ጆሴፍ ዎልፔ ሲሠራበት የነበረው መንገድ ሰውነትን እያፍታቱ ፍርሃቱን ማብረድ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ስቲቨን ሄይስና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ያመጡት አክት (ACT፣ የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና) የሚባለው ግን ግቡ ማብረድ አይደለም። የቲክቶኩ ሰውዬ ሁለቱን አቀላቅሎ ነው የሚሸጥልን።

ክረምት ሐረጎን ጉም ሲውጠው ሾፌር ምን ያደርጋል? እስኪገፈፍ ልቁም ካለ እዚያው ሊያድር ነው። ረጅም መብራት ካበራ ደግሞ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ይለቅበታል፣ ጭራሽ አያይም፤ ጭንቀትን ታግሎ ማባረርም እንደዚሁ ነው። አጭሩን አብርቶ፣ ቀስ እያለ፣ ጉሙ ውስጥ ይነዳል። ጉሙ ሊገፈፍም ላይገፈፍም ይችላል፤ እሱ ኮምቦልቻ ጉዳይ አለው።

ምሳሌው እዚህ ጋ ያነክሳል፦ እውነተኛ ጉም እውነተኛ ገደል ይሸፍናል። ሾፌሩ ጠጥቶ ከሆነ ፍርሃትህ ልክ ነው፣ ውረድ። በ2014 በጦርነቱ ያየው ነገር ሌሊት የሚያባንነው ሰውም ሌላ ዝግጅት፣ የሠለጠነ ባለሙያም ይፈልጋል፤ «ተጋፈጠው» ብሎ መገፍተር ነውር ነው።

ደግሞ ልብ የሚያስደልቅ ሁሉ ጭንቀት አይደለም። የእንቅርት በሽታም፣ ደም ማነስም ያስደልቃል። እኔ ጋ ከመምጣትህ በፊት ሐኪም ይይህ።