የቬኒስ ጎንዶላ ቀዛፊዎች የደንብ ልብስ

የቬኒስ ጎንዶላ ቀዛፊ ከሩቅ የሚታወቀው በልብሱ ነው፤ ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ አግድም መስመር ያለው ነጭ ካናቴራ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ሪባን የዞረበት የገለባ ባርኔጣ። ካናቴራ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያንኛ የተዋስነው ሲሆን ሥሩ ከቀዛፊ ይመዘዛል።

ልብሱን ለመረዳት መጀመሪያ ሥራውን ማየት ይበጃል። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ታላቁ ቦይ ወደ 3.8 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በላዩ ያሉት ድልድዮች ግን አራት ብቻ ናቸው። ዞሮ መሄድ የከበደው ሰው ትራጌቶ በተባለው መሻገሪያ ይሳፈራል። የመሻገሪያው ጎንዶላ ለሽርሽር ከሚከራየው ሰፋ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ቆመው፣ ደርዘን ያህል ተሳፋሪ በጥቂት ደቂቃ ያሻግሩበታል። ነዋሪው አብዛኛውን ጊዜ እንደቆመ ነው የሚሻገረው። በሳንታ ሶፊያ የተሳፈረ ማዶ ሲወርድ የሪያልቶ ገበያ ላይ ይደርሳል። ትራጌቶ የቀዛፊዎቹ ማኅበር መጠሪያም ነው፤ ማኅበራቱ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የየራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ነበራቸው።

ብዙ ሰው ጥንታዊ የሚመስለው ባለ መስመሩ ካናቴራ ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነው። የቬኒሱ ሠዓሊ ካርፓቾ በ1494 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በሣለው የሪያልቶ ሥዕል ላይ ቀዛፊዎቹ ጠባብ ባለ ቀለም ሱሪና አጭር ኮት ለብሰው፣ ላባ የተሰካበት ቆብ ደፍተው ይታያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ጥቁር አፍሪካዊ ነው። በዚያ ዘመን የመኳንንት ቤት ቀዛፊ የጌታውን ቤት ቀለም ይለብስ ነበር። በ1562 መንግሥት የቅንጦት ፉክክርን ለመግታት ጎንዶላዎች ጥቁር ብቻ እንዲሆኑ ሲያዝ ጀልባው ጠቆረ። የሰፈር መለያም ነበር። ሕዝቡ ካስቴላኒና ኒኮሎቲ በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀይ ቆብና መቀነት፣ ሁለተኞቹ ጥቁር ያደርጉ ነበር። በእኔ እምነት የቬኒስ ቀዛፊ ማንነት ሥሩ ከመስመሩ ይልቅ ይህ መቀነት ላይ ነው።

የዛሬው ልብስ ግን ለሥራው የሚስማማ መሆን አለበት። ጎንዶላ 11 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ መቅዘፊያው በቀኝ በኩል ብቻ ስለሆነ ጀልባው ወደ አንድ ጎን እንዳይዞር ግራ ጎኑ በ24 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ይሠራል። ቀዛፊው ከኋላ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ጉዞው አድርጎ፣ በመላ ሰውነቱ መቅዘፊያውን ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ጉልበት ላይ የሚይዝ ሱሪ ወዲያው ያደክማል። ካናቴራው አጭር ከሆነ ክንድ በተነሣ ቁጥር ወደ ላይ ይሰበሰብና ወገብ ለነፋስ ይጋለጣል። ሰፊ የእጅጌ ጫፍ ደግሞ የመቅዘፊያው እጀታ ላይ ይያዛል። የጫማው ሶል ጠፍጣፋ ጎማ ካልሆነ በቀር፣ የተቀባው የጀልባ ወለል ሲረጥብ ያንሸራትታል። ክረምት ላይ የሱፍ ሹራብ የሚመረጠው እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ስለማይለቅ ነው።

ትልቁ ጠላት ጨው ነው። የቦዩ ውሃ ከባሕር ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ልብስ ላይ ሲደርቅ ጨርቁን ያደርቀዋል፤ ያ የደረቀ ጨርቅ ብብትን ይፍቃል። ሳሙና ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፣ ቀዩ መስመር ወደ ነጩ እንዳይለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ገልብጦ ጥላ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። የገለባ ባርኔጣ ከረጠበ ጠርዙ ይጣመማል፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው መድረቅ ያለበት። በጠባብ ቦዮች ደግሞ ድልድዩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀዛፊው ጎንበስ ማለቱን ቢረሳ መጀመሪያ የሚመታው ባርኔጣው ነው።

ይህን ልብስ በሥራ ላይ ለመልበስ ሥልጠናና ፈተና ማለፍ፣ ፈቃድም ማግኘት ይጠይቃል። ባለ ፈቃዶቹ 400 ገደማ ናቸው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ጆርጂያ ቦስኮሎ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ተመሳሳዩ ካናቴራና ባርኔጣ በየሱቁ ለጎብኚ ይሸጣል፤ ስለዚህ መስመሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሚደረገው ታሪካዊ የጀልባ ውድድር ግን ባለ መስመሩ ካናቴራ አይለበስም። በትንንሾቹ የእሽቅድምድም ጎንዶላዎች ውድድር ዘጠኝ ጀልባዎች በዘጠኝ ቀለም ይሰለፋሉ፤ ቀዛፊዎቹም የጀልባቸውን ቀለም ለብሰው ይወዳደራሉ።