ጥቢ በወሎ፦ የገበሬው ቤት በመስከረምና በጥቅምት

የወሎ ገጠር እንደ መስከረም የሚያምርበት ወር የለም። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል፣ ወንዙ ይጠራል፣ ከብቱ ሳር ይጠግባል። የገበሬው ጎተራ ግን ብዙ ጊዜ የሚራቆተው በዚሁ ወር ነው። የአምናው እህል በክረምት አልቋል። የዘንድሮው ገና ማሳ ላይ ነው። በጥቢ በገበሬው ቤት የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሳል፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ ቤተሰቡን ማቆየት፣ እህሉንም ከጠላት መጠበቅ።

ወሎ አንድ ዓይነት አገር አይደለም። ከባቲና ከቆቦ ቆላ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ እስከሚረዝመው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ድረስ ይወጣል። ቆላው የማሽላ ነው። ወይና ደጋው የጤፍ፣ ደጋው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ቀበሌ ጤፍ ያርማል፣ ሌላው የባቄላ እሸት ይበላል። እንደ ለጋምቦና ደሴ ዙሪያ ባሉ ደጋዎች በበልግ ዝናብም ይታረሳል። በልጉ የሰመረለት ቤት መስከረምን ብዙ ሳይጨነቅ ያልፈዋል። በልጉ የከዳው ግን ክረምቱን ሙሉ እየቆጠረ ነው የሚበላው።

መሬቱ ጠባብ ነው። ገበሬው የሚለካው በጥማድ ነው፤ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል። አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው አባወራ ብዙ ነው። መሬቱ ከተሸነሸነ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ በኋላ ያደገው ወጣት ብዙውን ጊዜ ከወላጆቹ ተካፍሎ ወይም የሰው መሬት በመጋዞ፣ ማለትም ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ለመካፈል ተስማምቶ፣ ይዞ ነው የሚያርሰው። በሬውም እንዲሁ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል፣ ተራ በተራ ያርሳሉ።

በመስከረም ሁሉም ሰው ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ማሽላው በሚያዝያ አካባቢ ተዘርቶ፣ በሐምሌ ሽልሻሎ ተደርጎለት (ቡቃያው መሃል በበሬ ታርሶ)፣ አሁን ራስ አውጥቷል። ፍሬው እንዲሞላ ጥቂት ዝናብ ይፈልጋል። ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ አገዳው ቆሞ ይቀራል፣ ራሱ ግን ገለባ ይሆናል። ከመንገድ ለሚያየው ሰው ማሳው ለምለም ነው፤ ባለቤቱ ግን ባዶ መሆኑን ያውቃል። የ1966ቱን እና የ1977ቱን ክፉ ቀን ያዩ ሽማግሌዎች ስለ መስከረም ዝናብ ሲያወሩ ድምፃቸው የሚለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በራያ ቆቦ ሜዳ ገበሬው ዝናብ ብቻ አይጠብቅም፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባል። ደለሉም ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሆነዋል።

እስከዚያው እጅ አያርፍም። ጤፉ ይታረማል፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሴቶችና የልጆች ድርሻ ይሆናል። ከማሽላው መሃል አቀንጭራ ይነቀላል። አቀንጭራ አበባው ሮዝ ነው፣ ለዓይን ደስ ይላል። ከመሬት በታች ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ይመጠዋል። አበባው ዘር ሳይዝ ካልተነቀለ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዋልካ፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጥቁር መሬት፣ ያለው ደግሞ ገና እየዘራ ነው፤ ሽንብራና ጓያ ክረምቱ በአፈሩ ውስጥ በተወው እርጥበት ይበቅላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ወፍ ጥበቃ ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ፣ ማለትም ፍሬው በጥፍር ሲጫን ነጭ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ወፉ ይመጣል። ገበሬው በማሳው መሃል በአራት እንጨት ላይ ማማ ይሠራል። ጠባቂው ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ምክንያቱም ወፉ የሚበረታው ማለዳና ወደ ማታ ነው። ወንጭፍ ያሽከረክራል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ይጣራል። ከወዲያኛው ማሳ ሌላው ይመልስለታል። ቁርሱ እዚያው ይመጣለታል። ማማው ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚከፈተውም በዚሁ ወር ነው። ይህ ለብዙ ቤት እውነተኛ ጭንቅ ነው። ከወላጆቹ አንዱ ማለዳውን ይዞ ልጁን የሚልክበት ቤት አለ፤ ሰው የሌለው ግን ልጁን ከክፍል ያስቀራል። እነዚህን ወላጆች ለትምህርት ግድ የላቸውም ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ግሪሳ የተባለው በመንጋ የሚሄድ ወፍ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ወንጭፍም አይበቃም። መንጋው እንደ ደመና ያርፋል፣ ሲነሳ የማሽላው ራስ ተራግፎ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ቆላዎች ሲወርድ ብዙ ሰው ለአጨዳ ሳምንታት የቀሩትን ማሽላ በዓይኑ እያየ አጥቷል።

ደስታውም የሚጀምረው ከዚሁ ማሳ ነው። ደጋው በባቄላና በገብስ እሸት ይቀድማል፤ ቆላው በበቆሎና ጥቂት ቆይቶ በማሽላ እሸት ይከተላል። ወተት በጉንጬ የሚባል የወሎ ማሽላ አለ። ገበሬው ከሌላው ማሽላ ጋር አደባልቆ ይዘራዋል፣ ፍሬው ለስላሳ ሳለም ራሱን ጠብሶ፣ አሽቶ ይበላዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ተመራማሪዎች ከወሎ የተሰበሰበ ማሽላ ሲመረምሩ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ከተለመደው ማሽላ እጅግ በልጦ አገኙበት። ለልጆች ግን ከሁሉም ጥንቅሽ ይበልጣል፤ አገዳውን ልጠው ጣፋጩን ውሃ ይመጡታል።

ቤት ውስጥም ነገር ይሻሻላል። ላሟ ስለጠገበች ወተቱ ይበረክታል፣ ቅቤ ይወጣል። ከማሽላው የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ ለከብት ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓ ወይም ምርቃት ይደረጋል፣ አሚን ወይም አሜን ይባላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይሰማሉ። መስከረም 21 ክርስቲያኑ አምባሰል ወደሚገኘው ግሸን ማርያም ሲሄድ ሙስሊሙ ጎረቤት ከብቱን ያይለታል፣ ወፉንም ይከላከልለታል። በኢድ ቀን ደግሞ ክርስቲያኑ ይተካል። ቅሬውም (የወሎ እድር) ቢሆን ለቅሶውን አብሮ ይደርሳል።

ገንዘቡ የሚያስቸግረው በዚህ ወር ነው። ደብተር ይገዛል፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ወጪ አላቸው፣ እህል ደግሞ በገበያ ውድ ነው። ስለዚህ ዶሮ፣ ፍየል ወይም በግ ይሸጣል። የባቲ የሰኞ ገበያ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን በአንድ ሜዳ ያገናኛል፤ በክረምቱ ሳር የወፈረ ከብት ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ብልህ ገበሬ ግን የሚሸጠውን ይመርጣል፤ የሚያርስበትን በሬ በመስከረም የሸጠ ሰው ለከርሞ የሚያርስበት የለውም።

በጥቅምት ማገባደጃ ማጭዱ ይሳላል፣ አውድማው ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል። ለአጨዳ የሚጠራው ጅጌ፣ ማለትም ጎረቤት ተሰባስቦ የሚሠራው የጋራ ሥራ፣ ቀኑ ይቆረጣል። ማን የማን ማሳ ላይ ቀድሞ እንደሚወጣ ሽማግሌዎች ይነጋገራሉ፤ ቅድሚያው ብዙ ጊዜ ባሏ ለሞተባትና አቅም ለሌለው ይሰጣል።