የብሎክቼን ኢንተግሬሽን ኢንጂነር ሥራ

የኢንተግሬሽን ኢንጂነር ብሎክቼንን ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ ነው። ስማርት ኮንትራት (በብሎክቼን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) የሚጽፍ ሌላ ነው፤ የኔትወርኩን ፕሮቶኮል የሚያሻሽልም ሌላ ነው። እሱ የሚሠራው በመካከል ያለውን ነው፦ መገበያያው (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) የደንበኛን ገቢ እንዲያይ፣ ዋሌቱ (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳው) ቀሪ ሒሳብ እንዲያሳይ፣ የክፍያ ድርጅቱ ወጪ እንዲልክ፣ የሒሳብ ክፍሉም ቀኑን በትክክል እንዲዘጋ የሚያደርገውን ኮድ።

ሥራው በአጭሩ ሁለት መዝገቦችን ማስማማት ነው። አንዱ በድርጅቱ ዳታቤዝ የተያዘው የደንበኞች ሒሳብ ሲሆን ሌላው ማንም ብቻውን የማያዝበት ሰንሰለት፣ ማለትም ብሎክቼኑ ነው። አስቸጋሪ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው መዝገብ የመጨረሻ ገጾቹን ሊለውጥ መቻሉ፣ በስህተት የወጣን ገንዘብ ደግሞ የሚመልስ አካል የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ የባለሙያው ብቃት የሚለካው አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር፣ አንድም እንዳይጠፋ በማድረግ ነው።

ቅጥሩ ከሁለት ወገን ይመጣል። ሰንሰለቱን በሚያለማው ድርጅት ውስጥ ያለው ኢንጂነር ለአጋሮች ላይብረሪና የናሙና ኮድ ያዘጋጃል፣ መመሪያ ይጽፋል፣ መገበያያዎች ግንኙነታቸውን በሙከራ ኔትወርክ እስኪጨርሱ ድረስ ጥያቄያቸውን ይመልሳል። በመገበያያ ወይም በንብረት ጠባቂ ድርጅት ውስጥ ያለው ደግሞ አዳዲስ ሰንሰለቶችን በድርጅቱ ሥርዓት ላይ ይጨምራል፣ ያሉትንም በጤና ያቆያል። ዕውቀቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሌሊት በማስጠንቀቂያ ደወል የሚነሳው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ኖድና አገልግሎት ሰጪ

ከሰንሰለቱ ጋር የሚነጋገሩት በኖድ፣ ማለትም የኔትወርኩን ሶፍትዌር በሚያስኬድ ኮምፒውተር በኩል ነው። የራስን ኖድ ማቆም ወይም ከአገልግሎት ሰጪ መከራየት ይቻላል። ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ወደ ፕሩፍ ኦፍ ስቴክ (ገንዘብ በመያዣነት ያስያዙ ብሎክ የሚያጸድቁበት ሥርዓት) ከተሸጋገረ ወዲህ አንድ ኖድ ሁለት ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ይጠይቃል፤ አንዱ ትራንዛክሽኖችን ያስፈጽማል፣ ሌላው የኔትወርኩን ስምምነት ይከታተላል። አንዱ ከቆመ ኖዱ ባለበት ይቀራል፤ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን ያለ ምንም ስህተት መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ መልሱ የቆየ ነው እንጂ። ስለዚህ ኖዱ መልስ መስጠቱ ብቻ አይበቃም፤ የመጨረሻው ብሎክ (የትራንዛክሽኖች ጥቅል) ዕድሜ በየጊዜው መለካት አለበት።

የተከራየ ኖድም የራሱ ችግር አለው። በአንድ አድራሻ ጀርባ ብዙ ኖዶች ስላሉ ተከታታይ ሁለት ጥያቄዎች ለተለያዩ ኖዶች ሊደርሱ ይችላሉ። የመጀመሪያው አዲሱን ብሎክ ይነግርዎታል፣ ሁለተኛው ስለ ብሎኩ ገና አልሰማም። ውጤቱ ባዶ ዝርዝር ይሆናል፤ ኮዱም «በዚህ ብሎክ ምንም ገቢ የለም» ብሎ ያልፋል። መፍትሔው ዝርዝሩን በብሎክ ቁጥር ከመጠየቅ ይልቅ በብሎኩ ሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ ልዩ አሻራው) መጠየቅ ነው፤ ብሎኩን የማያውቅ ኖድ ያኔ ስህተት ይመልሳል እንጂ ባዶ እጁን አይመጣም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2020 የኖድ አገልግሎት ሰጪው ኢንፉራ የቆየ የጌዝ (የኢቴሪየም ኖድ ሶፍትዌር) ሥሪት ይጠቀም ስለነበር ሰንሰለቱ ለሁለት ሲከፈል አገልግሎቱ ተቋርጦ፣ አንዳንድ መገበያያዎች የኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ገቢና ወጪ ለማቆም ተገደው ነበር። ሁለት አገልግሎት ሰጪ ይዞ መልሳቸውን ማነጻጸር ከዚያ የተወሰደ ልማድ ነው።

ገቢን መለየት

ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ አድራሻ ይሰጣል። በቢአይፒ-32 ደንብ አድራሻዎቹን ከአንድ የሕዝብ ቁልፍ ማመንጨት ስለሚቻል ሰርቨሩ የግል ቁልፍ (ወጪ የሚፈረምበትን ምስጢር) መያዝ የለበትም። በኤክስአርፒና በስቴላር ሰንሰለቶች ግን የተለመደው አንድ የጋራ አድራሻ ከመለያ ቁጥር ወይም ከሜሞ (አጭር ማስታወሻ) ጋር መስጠት ነው፤ ደንበኞች ሜሞውን መርሳታቸው አይቀርምና ባለቤቱ ያልታወቀ ገንዘብ የሚቆይበት ሒሳብና የማጣራት ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን መዘጋጀት አለበት።

ገቢ የሚፈልገው ፕሮግራም፣ ስካነሩ፣ ብሎኮችን አንድ በአንድ ያነባል፤ የመጨረሻውን ብሎክ ቁጥርና ሃሽ ያስቀምጣል። አዲስ ብሎክ ሲመጣ በውስጡ የተጻፈው የወላጅ ሃሽ ካስቀመጠው ጋር ካልገጠመ ሪኦርግ (የመጨረሻዎቹ ብሎኮች በሌሎች መተካት) ተከስቷል ማለት ነው፤ እስኪገጥም ድረስ ወደኋላ ተመልሶ የተመዘገቡትን ገቢዎች ይሰርዛል። ለደንበኛው ገንዘቡ የሚለቀቀው ብሎኩ ከጸና በኋላ ነው። በቢትኮይን የተለመደው 6 ማረጋገጫ (ብሎኩን ራሱን ጨምሮ የተደራረቡ 6 ብሎኮች) ሲሆን አንድ ብሎክ በአማካይ 10 ደቂቃ ስለሚወስድ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። በኢቴሪየም አንድ ስሎት (ለአንድ ብሎክ የተመደበ ጊዜ) 12 ሰከንድ፣ አንድ ኢፖክ 32 ስሎት ነው፤ ነገሮች በመደበኛ ሁኔታ ካሉ ብሎክ ለመጽናት ሁለት ኢፖክ ያህል፣ ማለትም ወደ 13 ደቂቃ ይፈጃል። ኖዱ የጸናውን ብሎክ ለይቶ ስለሚናገር መጠየቅ እንጂ መገመት አያስፈልግም። ትንንሽ ሰንሰለቶች ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይከብዳል፦ በኦገስት 2020 ኢቴሪየም ክላሲክ ላይ ከ3,000 በላይ ብሎኮች በአንድ ጊዜ ተገልብጠዋል።

ትራንዛክሽን ብሎክ ውስጥ ገባ ማለት ተሳካ ማለት አይደለም፤ ክፍያው ተቆርጦበት የከሸፈም ይገባል፣ ስለዚህ የደረሰኙ ሁኔታ መታየት አለበት። የቶከን (በስማርት ኮንትራት የተፈጠረ ገንዘብ) ዝውውር የሚነበበው ከኮንትራቱ የክስተት መዝገብ ነው። ማንም ሰው ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረው የታወቀ ቶከን) የሚል ስም ያለው ቶከን መፍጠር ስለሚችል የሚታመነው የኮንትራቱ አድራሻ ብቻ ነው። አንድ ትራንዛክሽን ብዙ ዝውውሮችን ሊይዝ ስለሚችልም የገቢው መለያ የትራንዛክሽኑ ሃሽ ከመዝገቡ ተራ ቁጥር ጋር ተጣምሮ ነው፤ ይህ ጥምር በዳታቤዙ ውስጥ እንዳይደገም ሲታገድ ስካነሩ አንድን ብሎክ አሥር ጊዜ ቢያነብ እንኳ ጉዳት የለውም። ኢተር ከስማርት ኮንትራት ሲላክ ደግሞ በክስተት መዝገብ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ እሱን ለማግኘት የትራንዛክሽኑን አፈጻጸም በትሬስ (እርምጃ በእርምጃ በሚያሳይ መዝገብ) መከታተል ግድ ነው።

አድራሻን ማወዳደርም ወጥመድ አለው። በኢቴሪየም ትልቅና ትንሽ ፊደል ለስህተት መፈተሻ ብቻ ስለሚያገለግል ሁሉንም ወደ ትንሽ ቀይሮ ማወዳደር ትክክል ነው። ይህንኑ ኮድ ሶላና ወደተባለው ሰንሰለት ማምጣት ግን አድራሻውን ያበላሻል፤ እዚያ የፊደሉ መጠን የአድራሻው አካል ነው።

አሃዞች

ቢትኮይን 8፣ ኢተር 18 የአስርዮሽ ቦታ አላቸው። ዩኤስዲቲ በኢቴሪየም ላይ 6፣ በቢኤንቢ ቼን ላይ ግን 18 ነው፤ አንዱን በሌላው ያነበበ ኮድ በ1,000,000,000,000 እጥፍ ይሳሳታል። የአስርዮሽ ቁጥሩ ስለዚህ ከኮንትራቱ ይነበባል እንጂ ከቶከኑ ስም አይገመትም።

የጃቫስክሪፕት መደበኛ ቁጥር ያለ ስህተት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ነው። ይህ በዌይ (በኢተር ትንሹ አሃድ) ሲቆጠር 0.01 ኢተር እንኳ አይሞላም። 10,000,000,000,000,001 ዌይ የመጣለት ኮድ የመጨረሻዋን 1 ጥሎ 10,000,000,000,000,000 ብሎ ያነባል፣ ምንም ስህተትም አያሳይም። ልዩነቷ ኢምንት ብትሆንም ሁለቱ መዝገቦች ከዚያ በኋላ እኩል አይመጡም። በቢግኢንት (በጃቫስክሪፕት የትልልቅ ሙሉ ቁጥሮች ዓይነት) መሥራት፣ በኤፒአይ ሲላክ በጽሑፍ መልክ መላክ፣ በዳታቤዝ ውስጥም 78 አሃዝ በሚይዝ ሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ይገባል፤ የኢቴሪየም ትልቁ ቁጥር 78 አሃዝ አለውና።

ወጪ መላክ

እጅግ ውድ ስህተቶች የሚሠሩት እዚህ ነው። ትራንዛክሽን ተላከ፣ ኖዱ ግን መልስ ሳይሰጥ ግንኙነቱ ተቋረጠ እንበል። ደርሷል ወይስ አልደረሰም? አዲስ ትራንዛክሽን ሠርቶ መላክ ሁለት ጊዜ መክፈል ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው አካሄድ የተፈረመውን ትራንዛክሽን ከመላክ በፊት በዳታቤዝ ማስቀመጥ፣ ችግር ሲፈጠርም ያንኑ ሳይነኩ ደግሞ መላክ ነው። በኢቴሪየም እያንዳንዱ ትራንዛክሽን ኖንስ የሚባል ተራ ቁጥር ስላለው ያው ትራንዛክሽን መቶ ጊዜ ቢላክ አንዴ ብቻ ይፈጸማል። በሶላና ፊርማው ከቅርብ ጊዜ ብሎክ ሃሽ ጋር ይታሰራል፤ ሃሹ ከ150 ብሎክ በኋላ ዋጋ ስለሚያጣ እንደገና የሚፈረመው ያ ጊዜ ካለፈና የመጀመሪያው አለመፈጸሙ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው።

ኖንስ በተራ ስለሚሄድ አንዱ ከተያዘ ተከታዮቹ ሁሉ ይቆማሉ። የሚያዘው ብዙውን ጊዜ ክፍያው አንሶ ነው፦ የኢቴሪየም መነሻ ክፍያ በአንድ ብሎክ እስከ 12.5 በመቶ ሊጨምር ይችላል። የተያዘውን ለማስለቀቅ በዚያው ኖንስ ከፍ ባለ ክፍያ ሌላ ይላካል፤ ጌዝ የሚቀበለው ጭማሪው ቢያንስ 10 በመቶ ሲሆን ነው። ሁለት ሠራተኛ ፕሮግራሞች ከአንድ አድራሻ እኩል እንዳይልኩ ኖንስ የሚሰጥ አንድ ቦታ ብቻ መኖር አለበት።

ቶከን ወደ ዋናው ዋሌት መሰብሰብም ቀላል አይደለም፤ የደንበኛው አድራሻ ቶከን እንጂ ለጋዝ (ለትራንዛክሽን ክፍያ) የሚሆን ኢተር የለውምና መጀመሪያ ኢተር ይላክለታል። የሚሰበሰበው አነስተኛ ገቢ ከሆነ ወጪው ከገቢው ስለሚበልጥ ዝቅተኛ የገቢ መጠን መወሰን ተገቢ ነው።

ቁልፍና ማስታረቅ

ዕለታዊ ወጪ የሚከፈልበት ዋሌት ጥቂት ገንዘብ ብቻ ይይዛል፤ ቀሪው ከኢንተርኔት ውጭ ይቀመጣል። ፈራሚው ፕሮግራም ከሌላው ተለይቶ ይኖራል፣ የራሱን የገንዘብ ጣሪያም ያስከብራል። አደጋው በላይብረሪም ሊመጣ ይችላል፦ በዲሴምበር 2024 የሶላና የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ 1.95.6 እና 1.95.7 ሥሪቶች የግል ቁልፍ የሚሰርቅ ኮድ ተጨምሮባቸው ተሰራጭተው ነበር። ሥሪትን በትክክለኛ ቁጥሩ መቆለፍና አዲስ የወጣን በዚያው ቀን ወደ ሥራ አለማስገባት ከዚህ ያድናል።

ማስታረቅ ማለት በሰንሰለቱ ላይ ያለውን ቀሪ ከዳታቤዙ ድምር ጋር በየሰዓቱ ማነጻጸር ነው። ብዙ ቡድኖች ለመጨረሻ የሚያቆዩት ይህ ክፍል መጀመሪያ መሠራት ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 2022 ገንዘብ ከሰንሰለት ወደ ሰንሰለት ከሚያሻግረው የሮኒን ድልድይ 173,600 ኢተርና 25.5 ሚሊዮን ዩኤስዲሲ (ሌላ የዶላር ቶከን) ተዘርፎ የታወቀው ከ6 ቀን በኋላ፣ አንድ ተጠቃሚ 5,000 ኢተር ማውጣት ሲያቅተው ነው።

ወደ ሙያው ለመግባት የሚፈልግ ሰው ሴፖሊያ በተባለው የሙከራ ኔትወርክ ላይ ትንሽ የገቢ ስካነር ሠርቶ መጀመር ይችላል። ስካነሩን በብሎክ መካከል ይግደለውና እንደገና ያስነሳው፤ አንድን ብሎክ ሁለት ጊዜ ያብላው፤ የተቀመጠውን የወላጅ ሃሽ ሆን ብሎ ያበላሸው። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የዳታቤዙ ድምር ከሰንሰለቱ ቀሪ ጋር እኩል ከመጣ ለቅጥር ፈተና የሚያቀርበው ሥራ አለው።