ስለ ታላላቅ አማካሪ ድርጅቶች የሥራ ባህል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አንድ ድርጅት አንድ የሥራ ባህል አለው» የሚለው አመለካከት ከሁሉም በላይ ሥራ ፈላጊዎችን ያሳስታል። ዴሎይት፣ ፒደብሊውሲ፣ ኢዋይ እና ኬፒኤምጂ ስማቸው በዓለም ዙሪያ አንድ ይሁን እንጂ በየአገሩ በሕግ ራሳቸውን የቻሉ ድርጅቶች ስብስብ ናቸው፤ ስለዚህ የለንደን ሠራተኛ የሚያመሰግነው አሠራር ናይሮቢ ላይኖር ይችላል። በአንድ ቢሮ ውስጥ እንኳ አማካሪው የሚውለው ከአንድ የፕሮጀክት ኃላፊ፣ ከጥቂት ባልደረቦቹ እና ከደንበኛው ሠራተኞች ጋር ነው። ኃላፊው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስላይዱን «እስከ ጠዋት ተስተካክሎ ይቅረብ» ብሎ የሚመልስ ከሆነ፣ ድርጅቱ ስለ ሠራተኞቹ ደኅንነት የሚናገረው ሁሉ ለዚያ አማካሪ ትርጉም አይኖረውም። ሁለት ሠራተኞች ስለ አንድ ድርጅት የሚቃረን ምስክርነት ቢሰጡም ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በቃለ መጠይቅ ላይ «ከማን ጋር እመደባለሁ?» ብሎ መጠየቅ ስለ ድርጅቱ በጥቅሉ ከመጠየቅ ይሻላል።

«ረጅም ሰዓት መሥራት የሙያው ጠባይ ስለሆነ አይለወጥም» የሚሉም አሉ። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ ሌስሊ ፐርሎው ቦስተን ኮንሰልቲንግ ግሩፕ በተባለው አማካሪ ድርጅት ያካሄዱትና ውጤቱ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው ሙከራ ይህን ያስተባብላል። በሙከራው እያንዳንዱ አማካሪ በሳምንት አንድ ምሽት ከ12 ሰዓት በኋላ ሥራም ሆነ ኢሜይል እንዳይነካ ተደረገ፤ ሐሳቡ እጅግ እንግዳ ስለነበር አንዳንዶቹን ማስገደድ አስፈልጎ ነበር። ሆኖም በሥራቸው ያላቸው እርካታም ሆነ እርስ በርስ ያላቸው መግባባት ተሻሻለ። በእኔ እምነት ምሥጢሩ ዕረፍቱን ቡድኑ በጋራ መጠበቁ ነው፤ ጀማሪ ሠራተኛ ብቻውን ያንን ምሽት ማስከበር አይችልምና።

«የተመዘገበው ሰዓት የተሠራው ሰዓት ነው» የሚለው ደግሞ ብዙም ሳይነገር ብዙ ይጎዳል። አማካሪው በየሳምንቱ እያንዳንዱን ሰዓት በፕሮጀክቱ መለያ ቁጥር ይመዘግባል። ለፕሮጀክቱ የተመደበው ሰዓት ሲያልቅ፣ «ሥራው ከበደው» እንዳይባል የሠራውን ቀንሶ የሚጽፍ ጀማሪ አለ። ቀጣዩ ተመሳሳይ ፕሮጀክት በዚያው ባነሰ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ይታቀድና ጫናው ወደ ሌላ ጀማሪ ይተላለፋል።

«ጀማሪ ዝም ይበል» የሚለውን ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት በመርሁ አይቀበለውም፤ ያልተስማማ ሠራተኛ ተቃውሞውን የመግለጽ ግዴታ አለበት። መርሁ የሚሠራው ግን የቡድኑ መሪ ተቃውሞን ከልቡ የሚጋብዝ ሲሆን ነው።

በመጨረሻም «ከእነዚህ ድርጅቶች የወጣ ሰው ወድቋል» ማለት ስህተት ነው። አብዛኞቹ የተዋቀሩት ብዙ ጀማሪ ቀጥረው ጥቂቱን ብቻ ለሸሪክነት፣ ማለትም ለድርጅቱ ባለድርሻነት፣ እንዲያበቁ ነው፤ ተሰናባቹም ነገ ደንበኛ ሊሆን ስለሚችል ግንኙነቱን ጠብቀው ያቆዩታል። ይሁንና መሰናበት ለሁሉም እኩል አይቀልም፦ ለውጭ አገር ባለሙያዎች በሚሰጠው የኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ አሜሪካ የሚሠራ አማካሪ ሥራው ከተቋረጠ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት ወይም የቆይታ ሁኔታውን ለመለወጥ በአብዛኛው ያለው ጊዜ ቢበዛ 60 ቀን ነው።