የአቅጣጫ ስሞች በእንግሊዝኛ ጽሑፍ፦ ትልቁ ፊደል መቼ ይገባል?

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። በእንግሊዝኛ ዜና ወይም ሪፖርት የሚያዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ሰሜንና ደቡብን ሲጽፍ የሚያመነታው በዚህ ነው። ብዙዎች ለጥንቃቄ ብለው ሁሉንም በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ ጥንቃቄው ግን ትርጉም ያዛባል።

ቃሉ አቅጣጫን ብቻ ካመለከተ በትንሽ ፊደል፣ የአካባቢ ወይም የአስተዳደር መጠሪያ ከሆነ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። «መኪናው ወደ ደቡብ ታጠፈ» ሲባል ሳውዝ የሚለው ቃል ትንሽ ፊደል ይበቃዋል። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት አንስተን «ደቡቡ ተሸነፈ» ስንል ግን የተዋጊ ወገን ስም ሆኗልና ትልቁ ፊደል ግድ ነው። በዚያው ጦርነት መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ1863፣ ከቨርጂኒያ ተለይታ ራሷን የቻለች ግዛት የሆነችው ዌስት ቨርጂኒያም በትልቅ ፊደል ትጻፋለች። የዛሬዋ ቨርጂኒያ ምዕራባዊ ክፍል፣ ዌስተርን ቨርጂኒያ፣ ሌላ ቦታ ነው፤ ዌስተርን የሚለው ቃልም በትንሽ ፊደል ይጀምራል።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ የሚገኙበት ይህ ክልል በእንግሊዝኛ ሲጠራ ሳውዝ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ያቤሎም በአገሪቱ ደቡብ ትገኛለች፤ ነገር ግን የኦሮሚያ ክልል የቦረና ዞን ከተማ ናት። ስለ እርሷ ሲጻፍ ሳውዘርን ኢትዮጵያ ይባላል፣ ሳውዘርን በትንሽ ፊደል። ይህን ያልለየ ዘጋቢ ከተማዋን በማታውቀው ክልል ሥር ያስገባታል። እንዲህ ያለው ስሕተት በአስተዳደር ወሰን ጉዳይ ላይ ቀላል አይደለም። ሳውዝ አፍሪካም አንዲት አገር ስትሆን፣ ሳውዘርን አፍሪካ ዛምቢያንና ዚምባብዌን ጭምር ያቀፈ ቀጣና ነው።

እንደ ሳውዘርን ያሉ ቅጽሎች በአብዛኛው በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ። ኖርዘርን አየርላንድ ግን የአስተዳደር ስም ስለሆነ ትልቁን ፊደል ይወስዳል። ሳውዘርን ካሊፎርኒያም በልማድ እንደ ስም ስለጸና የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሽዬትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ በትልቅ ፊደል ያስጀምረዋል።

መመሪያዎች የማይስማሙበት ቦታም አለ። አሶሽዬትድ ፕሬስ ምዕራቡን ዓለም በትልቅ ፊደል ሲጽፍ፣ የብሪታንያው ጋርዲያን ጋዜጣ በትንሽ ይጽፈዋል። መካከለኛው ምሥራቅ ግን በሁለቱም ዘንድ በትልቅ ፊደል ይጻፋል።