«ዶክተር፣ ትንሽ መርፌ ወግተህ አስተኛልን»፦ ስለ ቀረጻ እንስሳት የሰለቹኝ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ክሊፕና ፊልም የሚቀርጹ ልጆች ይደውሉልኛል። ወይ የድርቅ ትዕይንት አላቸው፣ ወይ የጀግናው ፈረስ መሞት አለበት። ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ ትንሽ መርፌ ወግተህ አስተኛልን፤ ሲያልቅ ይነሳል አይደል?» ለእያንዳንዱ ማስረዳት ስለደከመኝ አንዴ ልጻፈውና ይለይልን።

«ማደንዘዣ እንቅልፍ ነው»

አይደለም። ፈረስ በተራ ማደንዘዣ ጭራሽ አይተኛም፤ ራሱን ደፍቶ ቆሞ ይፈዛል። እንዲወድቅ ሌላ መድኃኒት ይጨመራል፣ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል። ያን ሁሉ ክብደት በአንድ ጎኑ ሲጥለው ከሥር ያለው ጡንቻና ነርቭ ይጎዳል። ሲነቃ ደግሞ እግሩ ሳይጠናለት ለመነሳት ይታገላል፣ መልሶ ይወድቃል፣ አንዳንዴ እግሩ ይሰበራል። የተሟላ መሣሪያ ባላቸው የውጭ ሆስፒታሎች እንኳ፣ በቀጠሮ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ጤነኛ ፈረሶች ወደ 1 የሚጠጋው እንደሚሞት ተጠንቷል። እናንተ ደግሞ ቦርከና ዳር፣ ድንጋይ ላይ አድርገው ትሉኛላችሁ።

በሬ ይብሳል። ዛይላዚን ከሚባለው ማደንዘዣ ለበሬ የሚበቃው ለፈረስ ከሚሰጠው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ሲጋደም ደግሞ በሆዱ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ከጨጓራው የሚመለሰው ምግብ ወደ ሳንባው ይገባል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ የቀረጻ ቡድን እኔ እምቢ ስለው መርፌ መውጋት የሚችል ሰው ፈልጎ የአንድ ገበሬ በሬ አስወጋ። የደወሉልኝ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ በኋላ ነው። በደረቱ አስተኛነው፣ በአፉ ቱቦ አስገብቼ አየሩን አስወጣሁ፣ ተነሳ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከቀናት በኋላ ግን በሳንባ ምች ሞተ። ሥጋው ለማንም አልሆነም። ገበሬው ጥማዱ ተሰብሮ በእርሻ ወቅት በሬ ሲለምን ከረመ፤ ክሊፑ ላይ በሬው የታየው ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው።

«አህያ አይሰማውም»

ይሰማዋል፤ የማይሰማው የሚመስለው ሕመሙን ስለሚደብቅ ነው። ዝም ብሎ ከፈዘዘና መብላት ካቆመ በጣም ታሟል ማለት ነው።

«ፈረሱ እየሳቀ ነው»

የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ሽታ እየሳበ ነው።

«ፈረንጆቹ ‹ምንም እንስሳ አልተጎዳም› ብለው ይጽፋሉ፣ እዚያ ችግር የለም»

ጥበቃው የመጣው በደም ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው «ጄሲ ጄምስ» ፊልም አንድ ፈረስ ከገደል ተጥሎ ሞተ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ አሜሪካን ሂዩማን የሚባለው ድርጅትም በ1940 ቀረጻዎችን መከታተል ጀመረ። «ምንም እንስሳ አልተጎዳም» የሚለው ጽሑፍ የመጣው ደግሞ በ1972 ነው። ዋናው ክትትል ካሜራው ያለበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ እንስሳው የሚያድርበት በረትና የሚጓጓዝበት መኪና ብዙ ጊዜ ከዓይን ውጭ ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ፣ የዚያው ድርጅት መመሪያ ለቀረጻ ብሎ እንስሳ ማደንዘዝን ይከለክላል።

«እኛ አገር ሕጉ ስለ እንስሳ አያወራም»

ያወራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንስሳ ማሰቃየትን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል።

ታዲያ የሞተ ፈረስ እንዴት ይቀረጽ? የሚወድቀውን ፈረስ ማሳየት የለባችሁም። ሲጋልብ ቅረጹ፣ ከዚያ ፈረሰኛው አቧራ ላይ ወድቆ፣ ኮርቻው ተገልብጦ አሳዩ፤ ድምፁ ቀሪውን ይሠራል። የተኛ አህያ ከፈለጋችሁ ጭነቱን አራግፉለትና ደረቅ አቧራ ያለበት ቦታ ወስዳችሁ ካሜራ ደቅናችሁ ጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ራሱ ተኝቶ ይንከባለላል። ድሮን በፈረስ አናት ላይ አታስነሱ፣ በተለይ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ዳር፤ ደንብሮ ገደል ይገባል፣ ወይ መኪና ሥር። ከደሴ ብርድ ያመጣችሁትን ፈረስ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አታቁሙት። ጥላና ውሃ ከመብራቱ በፊት ይዘጋጅ። ከባቲ ግመል ስታስመጡም «ግመል ውሃ አይጠይቅም» አትበሉ፤ መቻሉ አለመጠማቱ አይደለም።

«ባለቤቱ ተስማምቷል፣ ገንዘቡንም ወስዷል» የሚሉኝም አሉ። ባለቤቱ የተስማማው እንስሳው እንዲታይ ነው፤ መርፌ እንደሚወጋ ማን ነገረው? ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ትዕይንት ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩት። እሱ «ይሄ አይሆንም» ካለ ያ ትዕይንት ይቅር፣ ስክሪፕቱ ይቀየር።