ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓት እና የሐኪሞች ቃላት

አንድ ሰው መንገድ ሲሻገር ከኋላው ድንገት ክላክስ ቢጮህበት ክው ይላል። ልቡ ድው ድው ይላል፣ አፉ ይደርቃል፣ መዳፉን ያልበዋል፣ የክንዱ ፀጉር ይቆማል። ሐኪም ይህንኑ በራሱ ቋንቋ ሲጽፈው የልብ ምት መፍጠን ታኪካርዲያ፣ የዓይን ብሌን መስፋት ማይድሪያሲስ፣ የፀጉር መቆም ደግሞ ፓይሎኢሬክሽን ይሆናል። ቃላቱ ያስፈራሉ። ከኋላቸው ያለው ግን አንድ ሥርዓት ነው።

ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓት የራስ-ገዝ ነርቮች አንዱ ክንፍ ነው። ሌላው ፓራሲምፓቴቲክ ይባላል። ራስ-ገዝ የተባሉት ሰው ሳያዛቸው ስለሚሠሩ ነው፤ ልብህን «ቀስ በል» ብትለው አይሰማህም። «ሲምፓቴቲክ» የሚለው ስያሜ የቆየ ነው። የጥንት ሐኪሞች አንዱ የሰውነት ክፍል ሲታመም ሌላው አብሮ የሚታመመው በእነዚህ ነርቮች በኩል ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ቃሉም የመጣው «አብሮ መሰማት» ከሚለው የግሪክ ሐሳብ ነው። «ራስ-ገዝ» እና «ፓራሲምፓቴቲክ» የሚሉትን ቃላት የሰጠን እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ጆን ላንግሊ ነው፤ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1898፣ ሁለተኛውን በ1905።

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ደግሞ «ተዋጋ ወይም ሽሽ» የሚለውን አባባል አስለመደን። ጥሩ አባባል ነው፤ ግን ሥርዓቱን የአደጋ ጊዜ ደወል ብቻ አስመስሎታል። እውነቱ ሌላ ነው። ሲምፓቴቲክ ነርቮች ሰው ተኝቶም ቢሆን ሥራ አያቆሙም።

ከአልጋ መነሣትን እንይ። ሰው ብድግ ሲል ግማሽ ሊትር ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ደም ወደ እግሩና ወደ ሆዱ ይወርዳል። አንገት ላይና ልብ አጠገብ ባሉ ትልልቅ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ ግፊት የሚለኩ የነርቭ ጫፎች አሉ፤ ባሮሪሴፕተር ይባላሉ። ግፊቱ መውረዱን ለአንጎል ግንድ ይናገራሉ። ወዲያው በሲምፓቴቲክ ነርቮች በኩል ትዕዛዝ ይወጣል፤ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ልብም ፈጠን ይላል። የደም ሥር መጥበብ ቫዞኮንስትሪክሽን ይባላል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል፤ ሰውየው ገና ጫማውን እየፈለገ ነው። ሳይሠራ ሲቀር ግን ዓይን ይጨልማል፣ ራስ ይዞራል። በቆመ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የደም ግፊት ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ኦርቶስታቲክ ሃይፖቴንሽን ይባላል። ፈሳሽ ያነሰው ሰው፣ ስኳር ነርቩን የጎዳበት፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ ይታያል።

ነርቮቹ የሚነሡት ከሕብለ ሰረሰር ነው፤ ከመጀመሪያው የደረት ክፍል እስከ ሁለተኛው የወገብ ክፍል ድረስ። ከዚያ ወጥተው አብዛኞቹ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በተሰለፉ የነርቭ ሴሎች ቋጠሮዎች ያልፋሉ። ቋጠሮው ጋንግሊዮን ይባላል።

ወደ ፊትና ወደ ዓይን የሚሄደው መስመር መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ከደረት ይነሣል፣ በሳንባ ጫፍ ላይ ያልፋል፣ አንገት ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ዓይን ይዘልቃል። በየትኛውም ቦታ ቢቆረጥ ወይም ቢጫነው ምልክቱ ፊት ላይ ይነበባል። በአንድ በኩል የዓይን ቆብ ትንሽ ወረድ ይላል፤ ፕቶሲስ ነው። የዚያው ዓይን ብሌን ይጠባል፤ ማዮሲስ ነው። ያ የፊት ጎን አያልበውም፤ አንሃይድሮሲስ ነው። የብሌኖቹ ልዩነት ደብዘዝ ባለ ብርሃን ጎልቶ ይታያል፤ ጤነኛው ሲሰፋ የታመመው ወደ ኋላ ይቀራልና። ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ ሆርነር ሲንድሮም ይባላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1869 በገለጸው ስዊዘርላንዳዊ የዓይን ሐኪም ስም። ለዚህም ነው የወረደ የዓይን ቆብ ያየ ሐኪም አንዳንዴ የደረት ራጅ የሚያዘው። በሳንባ ጫፍ ላይ የበቀለ ዕጢ ራሱን በዓይን በኩል ሊያሳብቅ ይችላል።

ወደ ኬሚካሉ ስንመጣ፣ በጋንግሊዮኑ ውስጥ መልእክቱን የሚያቀብለው አሲቲልኮሊን ነው፤ መጨረሻው ላይ ባለው የሰውነት ክፍል ደግሞ ኖርአድሬናሊን። የላብ ዕጢዎች ግን ከደንቡ ያፈነግጣሉ፤ ነርቫቸው ሲምፓቴቲክ ሆኖ ሳለ ኬሚካሉ አሲቲልኮሊን ነው። ፈተና የሚያወጡ መምህራን ይህቺን ይወዷታል። ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ ውስጠኛ ክፍልም ራሱ እንደ ጋንግሊዮን ነው፤ ልዩነቱ ኬሚካሉን በቀጥታ ወደ ደም መልቀቁ ነው። የሚለቀው በአብዛኛው አድሬናሊን ነው። መድኃኒት ብልቃጥ ላይ ኤፒነፍሪን ተብሎ ካየኸው አትደናገር፣ ያው ነው።

አንድ ኬሚካል ልብን ሲያፈጥን የሳንባን ቱቦ ደግሞ እንዴት ያላላል? መልሱ ኬሚካሉ ሴሎች ላይ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ሬይመንድ አልኲስት አልፋ እና ቤታ ብሎ ለያቸው። ዛሬ እነሱም በቁጥር ተከፋፍለዋል፤ አልፋ አንድ ደም ሥርን ያጠባል፣ ቤታ አንድ ልብን ያፈጥናል፣ ቤታ ሁለት የአየር ቧንቧን ይከፍታል ይባላል። የአስም ሕመምተኛ የሚስበው ሳልቡታሞል ቤታ ሁለትን ይቀሰቅሳል። ያው ተቀባይ ጡንቻ ላይም ስላለ ከሳበ በኋላ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የመድኃኒት ተመራማሪው ጄምስ ብላክ የሠራው ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት በተቃራኒው ቤታ አንድንም ሁለትንም ይዘጋል። ለልብ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ብላክም እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው፤ ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል።

የሥርዓቱን ሥራ አስመስለው የሚሠሩ መድኃኒቶች ሲምፓቶሚሜቲክ፣ የሚገቱት ሲምፓቶሊቲክ ይባላሉ። የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታዎች ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው። ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ አፍንጫውን መልሰው ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ይደፍኑታል።

ከአድሬናል ዕጢ የሚነሣ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እባጭም አለ። ብዙም አያጋጥምም። ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ድው ድው ማለት እየመጡ ከሄዱ፣ ግፊትም አብሮ ከናረ ሐኪም ይጠረጥረዋል።

የመዳፍ ላብ ሲበዛ፣ ማለትም ሃይፐርሃይድሮሲስ ሲሆን፣ በሌላ ሕክምና እምቢ ካለ ሲምፓቴክቶሚ ይደረጋል፤ የደረት ሲምፓቴቲክ ሰንሰለት ይቆረጣል ወይም ይቆነጠጣል። መዳፉ ይደርቃል። ብዙዎች ግን ከዚያ በኋላ ጀርባቸውንና ሆዳቸውን ከቀድሞው የበለጠ ያልባቸዋል፤ ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት ይህ ለታካሚው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።